የውጥረትና የማግኔትነት ዝምድና በአክቲናይድ ኦክሳይዶች

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ማርቲን ሃይንሪኽ ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1789 ፒችብሌንድ ከተባለው ማዕድን አንድ ጥቁር ነገር ባወጣ ጊዜ፣ አዲስ ብረት አገኘሁ ሲል ለሊቃውንት አስታወቀ፤ ስሙንም ከስምንት ዓመት በፊት በተገኘችው ፕላኔት በዩራነስ ስም ዩራኒየም አለው። ፈረንሳዊው ዩዤን ፔሊጎ እ.ኤ.አ. በ1841 እውነተኛውን ዩራኒየም ለይቶ እስኪያወጣ ድረስ፣ ያ ጥቁር ነገር አምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ብረት እየተባለ ሲጠራ ኖረ። በእርግጥ የተገኘው ግን ዩራኒየም ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደበት፣ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ውሑድ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት የአብዛኞቹ የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነዳጅ ይኸው ውሑድ ነው።

ይህ ውሑድ ተመራማሪዎችን ያሳሳተው በማንነቱ ብቻ አይደለም። በማግኔትነት ረገድም ከውጭ ሲመለከቱት ምንም የሌለው ይመስላል፤ በጽኑ ቀዝቅዞም ቢሆን እንደ ብረት ማግኔት አንዳች ነገር አይስብም። ነገር ግን ክሪስታሉ በተወሰነ አቅጣጫ ሲጨመቅ ወይም ሲሳብ፣ በውስጡ ተሰውሮ የነበረው ማግኔትነት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። በተገላቢጦሹም ክሪስታሉ በብርቱ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲገባ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ ከተለመደው የብረት ጠባይስ በምን እንደሚለይ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መምህራን ማብራራት ነው።

በመጀመሪያ የቃላቱን ትርጉም መወሰን ያስፈልጋል። አንድ አካል ከውጭ በሚያርፍበት ኃይል ምክንያት መጠኑ ወይም ቅርጹ ሲለወጥ፣ ለውጡ ከመጀመሪያው ርዝመት ጋር ተነጻጽሮ ይለካል፤ በዚህ ጽሑፍ ውጥረት የምንለው ይህንኑ አንጻራዊ ለውጥ ነው። አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ በአንድ ሚሊሜትር ቢረዝም ውጥረቱ አንድ ሺህኛ ነው። አክቲናይድ የሚባሉት ደግሞ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ግርጌ ተለይተው የሚጻፉት፣ ከአክቲኒየም እስከ ሎውረንሲየም፣ ማለትም ከ89 እስከ 103 ያሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቶሪየም፣ ዩራኒየም፣ ኔፕቱኒየምና ፕሉቶኒየም ከነዚሁ ውስጥ ናቸው።

ቅርጽና ማግኔትነት የተዛመዱ መሆናቸው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1842 የብረት ዘንግ ማግኔት ሲሆን ርዝመቱ በጥቂቱ እንደሚለወጥ አሳይቷል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር የሚያሰማው የማያቋርጥ እምምታም በአብዛኛው ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት እምብርት ማግኔታዊው መስክ በተለዋወጠ ቁጥር ይረዝማል፣ ያጥራል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በብረት ውስጥ መስኩ ወደ ሰሜንም ይሁን ወደ ደቡብ የርዝመቱ ለውጥ አንድ ዓይነት ነው። መስኩ ቢገለበጥ የረዘመው አያጥርም። ስለዚህም በ50 ኸርዝ በሚሠራ መሥመር ላይ ያለ ትራንስፎርመር በሴኮንድ 50 ሳይሆን 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ የሚታየው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መስኩ ባንድ አቅጣጫ ሲሆን የረዘመው ክሪስታል፣ መስኩ ሲገለበጥ ያጥራል፤ ለውጡም ከመስኩ ብርታት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ይህን የመሰለው ጠባይ ፒዬዞማግኔትነት ይባላል፤ ፒዬዞ የሚለው ቃል መጨመቅ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአንዳንድ ክሪስታሎች ውስጥ የግድ ሊኖር እንደሚገባ ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ዝያሎሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 በንድፈ ሐሳብ አመለከተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባልደረባው አንድሬ ቦሮቪክ-ሮማኖቭ በኮባልትና በማንጋኒዝ ፍሎራይድ ክሪስታሎች ላይ ለክቶ አረጋገጠ። የተገኘው ማግኔትነት እጅግ አነስተኛ ስለነበረ፣ ጉዳዩ ለብዙ ዘመን የጥቂት ልዩ ባለሙያዎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

አሁን ወደ ክሪስታሉ ውስጥ እንግባ። በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ የዩራኒየም አቶሞች የአንድ ኩብ ማዕዘኖችና የየገጾቹ መካከል ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ የኩቡ ጎን 0.547 ናኖሜትር ነው። እያንዳንዱ የዩራኒየም አቶም በስምንት የኦክሲጅን አቶሞች ይከበባል፤ እያንዳንዱም ኦክሲጅን አራት ዩራኒየሞችን ይጎራበታል። ዩራኒየሙ አራት ኤሌክትሮኖቹን ለኦክሲጅኖቹ ከሰጠ በኋላ፣ 5ኤፍ በሚባለው የኤሌክትሮን እርከን ሁለት ኤሌክትሮኖች ይቀሩታል። አቶሙን ትንሽ ማግኔት የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የእያንዳንዱን አቶም ማግኔትነት በአንድ ቀስት ብንወክለው፣ በተራ ሙቀት ቀስቶቹ ያለ ሥርዓት ወደየአቅጣጫው ይወዛወዛሉ። ክሪስታሉ ወደ 30.8 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች ወደ 242 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ግን በድንገት ሥርዓት ይይዛሉ። በዚህ አካባቢ አንድ ለውጥ መኖሩ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በታተመ የሙቀት አቅም ልኬት ነበር። ለውጡ ማግኔታዊ መሆኑን፣ ቀስቶቹም እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ድምራቸው ዜሮ እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1965 የኒውትሮን ጨረር ምርመራ አረጋገጠ። እንዲህ ያለው አካል ጸረ-ፌሮማግኔት ይባላል።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ጸረ-ፌሮማግኔት ሲገለጽ፣ አንዱ ቀስት ወደ ላይ ቀጣዩ ወደ ታች ሆኖ ይሣላል። ለመግቢያ ይህ በቂ ነው፤ ለዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረጉ ምርመራዎች እንደታወቀው፣ በዚህ ክሪስታል ውስጥ ያሉት ቀስቶች በአራት ቡድን ተከፍለው በኩቡ አራት ሰያፍ መሥመሮች አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ድምራቸው ዜሮ የሚሆነው ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚጣፉ ሳይሆን አራቱም አንድ ላይ ሆነው ሚዛን ስለሚጠብቁ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አንድ ድቡልቡል ድንችና አራት እኩል ስንጥሮች ይበቃሉ። መምህሩ ስንጥሮቹን በድንቹ ላይ ይሰካቸው፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ ታች ዘንበል ብለው በየአቅጣጫው እኩል ተራርቀው። በትክክል ከተሰኩ ማናቸውም ሁለት ስንጥሮች በመካከላቸው የሚኖረው አንግል 109 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ስንጥር አንድ የቀስት ቡድን ነው። በክሪስታሉ ውስጥ አራቱ ቀስቶች ያሉት በአራት የተለያዩ አቶሞች ላይ ሲሆን፣ እዚህ አንድ ድንች ላይ የሰበሰብናቸው ድምራቸውን ለማየት ያህል ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚጠቁመውን አንዱን ስንጥር፣ ወደ ታች ያዘነበሉት ሦስቱ በሲሶ በሲሶ ተካፍለው ያጣፉታል፤ ድምሩም ዜሮ ይሆናል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመርምሩ። ክሪስታሉ ከየአቅጣጫው እኩል ቢጨመቅስ? አራቱም ቀስቶች አንድ ዓይነት ለውጥ ስለሚደርስባቸው ሚዛኑ አይዛባም፤ ማግኔትነት አይወጣም። በኩቡ ጎን አቅጣጫ ቢጨመቅስ? ድንቹን ሁለት ስንጥሮች ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች እንዲያዩ አድርጎ ማዞር ነው፤ ይህ አቅጣጫ የኩቡ ጎን ነው። የላይኞቹ ሁለቱና የታችኞቹ ሁለቱ እኩል ስለሚነኩ፣ አሁንም ድምሩ ዜሮ ነው። ግፊቱ በአንዱ ስንጥር አቅጣጫ፣ ማለትም በኩቡ ሰያፍ መሥመር ላይ ሲያርፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአራቱ አንዱ ብቻውን ተለይቶ ግፊቱ አቅጣጫ ላይ ቀረ፤ ሦስቱ ደግሞ ከግፊቱ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ የሚደርስበት ለውጥ ሦስቱ ከሚደርስባቸው ጋር አንድ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሚዛኑ ይዛባል፤ የተረፈው ልዩነትም በዚያው በሰያፉ አቅጣጫ እንደ ማግኔትነት ወደ ውጭ ይታያል። የክሪስታሎችን ሲሜትሪ የሚመለከተው ረቂቅ ሒሳብ የሚሰጠውም ውጤት ከዚህ አይለይም። አንድ ተማሪ በድንችና በስንጥር ይህን ያህል ከደረሰ፣ በእኔ አስተያየት ስለ ሲሜትሪ ብዙ ገጽ ከሸመደደው ይበልጣል።

ስንጥሮቹን ወደ ውጭ የሚጠቁሙ ቀስቶች አድርገን ነበር የወሰድናቸው። አራቱንም ወደ ውስጥ እንዲጠቁሙ ብንገለብጣቸውም ድምራቸው ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ሁለት አማራጮች አሉት፤ ማንኛውንም ቢመርጥ በተራ መለኪያ አይለይም። በግፊት ግን ይለያል፤ አንዱ ዓይነት በሰያፉ ሲጨመቅ ማግኔትነቱ ወደ ላይ ከሆነ፣ የሌላው ወደ ታች ይሆናል። ክሪስታሉ ያለ መስክ ከቀዘቀዘ ሁለቱም ዓይነቶች በየሥፍራው ተደባልቀው ስለሚገኙ፣ የአንዱን ምላሽ የሌላው ምላሽ ያጠፋዋል። ፒዬዞማግኔትነቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

እስካሁን የተባለው ማግኔትነቱ መውጣት እንደሚችል እንጂ ምን ያህል ብርቱ እንደሚሆን አይነግረንም። ብርታቱ የሚመጣው ከ5ኤፍ ኤሌክትሮኖች ጠባይ ነው። የአንድ ኤሌክትሮን ማግኔትነት ሁለት ምንጮች አሉት፤ አንደኛው ስፒን የሚባለው የራሱ የተፈጥሮ ሽክርክሪት፣ ሁለተኛው በኑክሌሱ ዙሪያ ያለው ጉዞው ነው። በብረትና በመሰሎቹ ውስጥ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ስፒን ነው፤ ስፒን ደግሞ ለክሪስታሉ ቅርጽ ብዙም ደንታ የለውም። እንደ ዩራኒየም ባለ ከባድ አቶም ውስጥ ግን ስፒኑና የኤሌክትሮኑ ጉዞ አጥብቀው የተቆራኙ ናቸው። የኤሌክትሮኑ ደመና ሉል አይደለም፤ ቀስቱ ወዳለበት አቅጣጫ የራሱ ቅርጽ አለው። ቀስቱ ሲዞር ደመናው አብሮ ይዞራል፤ ደመናው ሲዞር በዙሪያው ያሉትን ኦክሲጅኖች ይገፋል ወይም ይስባል። በተቃራኒውም ኦክሲጅኖቹን ከሥፍራቸው ያንቀሳቀሰ ሰው ቀስቱን ነካ ማለት ነው።

ለዚህ ከ30.8 ኬልቪን በታች የሚታየው ሁኔታ ማስረጃ ነው። ቀስቶቹ ሥርዓት በያዙበት ቅጽበት የኦክሲጅን አቶሞቹም ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውትሮን ጨረር የተለካው ፈቀቅታ 0.0014 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም የኩቡ ጎን ሦስት መቶኛ እንኳ አይሞላም። ከውጭ ሲታይ ክሪስታሉ ያው ኩብ ነው፤ በውስጡ ግን ኦክሲጅኖቹ እንደ ዩራኒየሞቹ ቀስቶች ተሰልፈዋል።

ወሳኙ ሙከራ የተደረገው በአሜሪካ ሎስ አላሞስ በሚገኘው የብርቱ ማግኔታዊ መስክ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ተመራማሪዎቹ በክሪስታሉ ላይ አንድ ቀጭን የመስታወት ክር አጣበቁ። በክሩ ውስጥ ብርሃን ሲያልፍ የሚመለሰው የብርሃን ቀለም በክሩ ርዝመት ስለሚወሰን፣ ክሪስታሉ በሚሊዮንኛ ደረጃ ቢለጠጥ እንኳ ማወቅ ይቻላል። ከዚያም እጅግ ቀዝቃዛ የሆነውን ክሪስታል በሰያፉ አቅጣጫ ለሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ለሚቆይ ብርቱ መስክ አጋለጡት። የተገኘው የርዝመት ለውጥ በአንድ ቴስላ ወደ አሥር ሚሊዮንኛ የሚጠጋ ነበር፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ክሪስታል ቢኖር በየቴስላው በመቶኛ ሚሊሜትር ይረዝም ነበር እንደማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ለእንዲህ ዓይነቱ ጠባይ ብርቱ የሚባል ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን መስኩ ሲገለበጥ የታየው ነው። ክሪስታሉ በመጀመሪያው አቅጣጫ ከረዘመ በኋላ መስኩ ሲገለበጥ ማጠር ይጀምራል፤ መስኩ ሲበረታ ማጠሩም ይቀጥላል። የተገለበጠው መስክ 18 ቴስላ ላይ ሲደርስ በድንገት ሁሉም ቀስቶች ይገለበጡና ክሪስታሉ ዘሎ ወደ መርዘም ይመለሳል። ከዚህ በኋላ መስኩ ወደ ዜሮ ቢመለስም አዲሱ አሰላለፍ እንዳለ ይቆያል፤ በሌላ አነጋገር ክሪስታሉ የመጨረሻው ብርቱ መስክ ወዴት እንደነበረ ያስታውሳል። 18 ቴስላ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ በሆስፒታሎች የሚገኙት የኤምአርአይ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ መሆናቸውን፣ የምድር ማግኔታዊ መስክ ደግሞ ከአንድ ቴስላ አሥር ሺህኛ እንደማይሞላ ማስታወስ ይበቃል። እስከዚያን ጊዜ ከታወቁት ፒዬዞማግኔቶች ሁሉ አሰላለፉን ለመገልበጥ ይህን ያህል መስክ የጠየቀ አልነበረም። ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያኖሩባቸው ማግኔቶች በአጠገባቸው ባለ ሌላ ማግኔት ሊደመሰሱ ይችላሉ፤ ይህኛው አይደመሰስም። ይሁን እንጂ የሚሠራው ከዜሮ በታች 242 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ብቻ ስለሆነ፣ ነገ ገበያ ላይ የሚወጣ ዕቃ እንደሚሆን አድርጎ ማውራት አይገባም።

ታዲያ ይህን ያህል ድካም ስለምን? ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። በማመንጫ ውስጥ የነዳጁ ቁራጭ ስፋት አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ መካከሉ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ዳርቻው ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። ይህ የሚሆነው የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ነው። ሙቀቱ በቶሎ ባልወጣ መጠን መካከሉ እየጋለ ይሄዳል፤ ቁራጩም ይሰነጠቃል። የማመንጫው ደኅንነት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሙቀት በዚህ ውሑድ ውስጥ የሚጓዘው በአቶሞቹ ንዝረት አማካይነት ነው። የቶሪየም ዳይኦክሳይድ አቀማመጡ ከዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የአቶሞቹም ክብደት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ቶሪየሙ ምንም 5ኤፍ ኤሌክትሮን የሌለው በመሆኑ ማግኔትነት የሌለው መሆኑ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የቶሪየሙ ኦክሳይድ ከዩራኒየሙ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ሙቀትን ያስተላልፋል። በዩራኒየሙ ውስጥ ያለፈው ንዝረት እያንዳንዱ ደመና ላይ እየተሰናከለ ይበተናል ማለት ነው፤ ንዝረት በራሱ የሚሮጥ ትንሽ ውጥረት ነውና ቀስቶቹን ሳይነካ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከዚህ በላይ ሄዶ፣ በአንድ ነጠላ ክሪስታል ውስጥ ሙቀት በኩቡ ጎን አቅጣጫና በገጹ ሰያፍ አቅጣጫ እኩል እንደማይጓዝ አሳየ። ለአንድ ኩባዊ ክሪስታል ይህ በመማሪያ መጻሕፍት የማይጠበቅ ነው። ልዩነቱም ከ30.8 ኬልቪን በላይ፣ ቀስቶቹ ሥርዓታቸውን ካጡ በኋላ እንኳ ጨርሶ አልጠፋም። ልኬቱ የተደረገው ከክፍል ሙቀት በታች ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ወስዶ ማመንጫ ውስጥ ላለ ነዳጅ ማዋል አይቻልም፤ ነገር ግን የነዳጁን ጠባይ በስሌት ለመተንበይ የሚሞክር ሰው ማግኔትነትን ከሒሳቡ ማውጣት እንደማይችል አሳይቷል።

ውጥረትን ለመፍጠር የግድ መጭመቂያ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድን ውሑድ እጅግ ስስ አድርጎ በሌላ ክሪስታል ላይ ማብቀል ይቻላል፤ የታችኛው ክሪስታል የአቶሞች ርቀት ከላይኛው ቢያንስ ወይም ቢበልጥ፣ ስሱ ንብርብር ከሥሩ ጋር ለመገጣጠም ሲል ይጨመቃል ወይም ይለጠጣል። የካልሲየም ፍሎራይድ ኩብ ጎን 0.546 ናኖሜትር ስለሆነ ለዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ልክ የተሰፋ ልብስ ያህል ነው፤ ኢትሪየም የተቀላቀለበት የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ደግሞ 0.514 አካባቢ ስለሆነ በጣም ይጠብበታል። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ውጥረት ማግኔታዊ መስክ ከሚያስከትለው በመቶና በሺህ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዲህ በተሠሩ ስስ ንብርብሮች ላይ፣ በትልቅ ክሪስታል ውስጥ ፈጽሞ የማይታይ የፌሮማግኔትነት ምልክት ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

ውጤቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ትርፍ ኦክሲጅን ለመዋጥ ምንጊዜም ዝግጁ ነው፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ገጹ ቶሎ ይለወጣል። ንብርብሩ በሳሳ ቁጥር ገጹ ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ የታየው ማግኔትነት ከውጥረት ይሁን ከትርፍ ኦክሲጅን ወይም ከሌላ ጉድለት የመጣ መሆኑን መለየት አስቸጋሪ ሥራ ነው። በድንቹ ላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ንብርብሩ በኩቡ ጎን አቅጣጫ ብቻ ተለጥጦ ከሆነ ቀላሉ ፒዬዞማግኔትነት ምላሽ ሊሰጥ አይችልምና፣ ለታየው ነገር ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል።

ስለ ሌሎቹ አክቲናይድ ኦክሳይዶች ጥቂት እንበል። ኔፕቱኒየም ዳይኦክሳይድ ከዩራኒየሙ ጋር አንድ ዓይነት አቀማመጥ ያለው ሲሆን፣ 5ኤፍ ኤሌክትሮኖቹ ሦስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመ ልኬት 25 ኬልቪን አካባቢ ብርቱ ለውጥ ታየበት፤ ሁሉም እንደ ዩራኒየሙ ያለ ጸረ-ፌሮማግኔት ነው ብሎ ገመተ። ይሁን እንጂ ለአሥርተ ዓመታት ቢፈተሽም በአቶሞቹ ላይ አንዳች ቀስት አልተገኘም። በኋላ እንደተረዳው በዚህ ክሪስታል ውስጥ የሚሰለፈው በቀስት የማይወከል፣ የደመናው ውስብስብ ማግኔታዊ ቅርጽ ነው፤ እሱም እንደ ዩራኒየሙ በአራት ቡድን ተከፍሎ በአራቱ ሰያፎች ላይ ይሰለፋል። ፕሉቶኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ አራት 5ኤፍ ኤሌክትሮኖች እያሉት እርስ በርሳቸው ተጣፍተው አቶሙ ራሱ ያለ ማግኔት ይቀራል፤ ስንጥር የሌለው ድንች ነው፤ በማናቸውም አቅጣጫ ቢጨመቅ ሚዛን የሚያዛባ ቀስት አይገኝበትም።